ሃሪኬን ሲቃረብ ቤትን ማዘጋጀት፦ ከመስኮቱ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 24 ቀን ይጀምርና ኅዳር ጽዮን ዕለት ያበቃል፤ ማዕበሉ የሚበረታበት ሰሞን ደግሞ ጳጉሜን ላይ ይውላል። ስለዚህ በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንቁጣጣሽን የሚቀበሉት የአየር ትንበያውን እየተከታተሉ ነው። አይክ የተባለው ሃሪኬን ጋልቨስተን ላይ ያረፈው መስከረም 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። ጉዳዩ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎችን ብቻ የሚመለከትም አይደለም። እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢዛቤል የፖቶማክን ውሃ ወደ ኋላ ገፍቶ የአሌክሳንድሪያን አሮጌ ሰፈር አጥለቅልቆታል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማዕበል በተቃረበ ቁጥር ቴሌቪዥን የሚያሳየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ፕላይውድ ተሸክሞ ከመደብር የሚወጣ ሰው፣ የተራቆተ የውሃ መደርደሪያ፣ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ የተኮለኮለ መኪና። ይህን ደጋግመን ስናይ የቤት ዝግጅት ማለት መስኮት መሸፈንና ውሃ መግዛት ይመስለናል። መሐንዲሶች ከየማዕበሉ በኋላ ከፍርስራሹ የመዘገቡት፣ የሟቾችን አሟሟት የመረመሩ ጥናቶችም የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ለአንድ ቤት ሊደረግለት የሚችለው ጥቂት ነው። የቤቱ ዕጣ በአመዛኙ የሚወሰነው ሰማዩ ጥርት ብሎ ማንም ስለ ማዕበል በማያስብበት ጊዜ ነው። የነዋሪዎቹን ሕይወት የሚወስነው ደግሞ ቤቱን በጊዜ ለቆ መውጣት አለመውጣታቸው፣ ከዚያም ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ባሉት የጨለማና የሙቀት ቀናት የሚያደርጉት ነገር ነው።

ከውሃው እንጀምር። ሃሪኬን ስሙ የገነነው በነፋሱ ነው፤ ደረጃ የሚወጣለትም በነፋሱ ፍጥነት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢንጂነሩ ኸርበርት ሳፊርና የአየር ጠባይ ተመራማሪው ሮበርት ሲምፕሰን ያስተዋወቁት መለኪያ ከ1 እስከ 5 ይደርሳል። 1ኛ ደረጃ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ 5ኛው 252 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ቁጥር ስለሚዘንበው ዝናብም ሆነ ስለሚነሣው ባሕር የሚነግረን የለም። የሚገድለው ግን በአብዛኛው ውሃው ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ራፓፖርት ከ1963 እስከ 2012 ባሉት 50 ዓመታት በአሜሪካ በማዕበል በቀጥታ የሞቱትን ሲያጠና፣ ከ10ሩ 9 ያህሉን የገደለው ውሃ ሆኖ አገኘው። ከሁሉም ግማሽ ያህሉን የጨረሰው ነፋሱ እየገፋ ወደ ምድር የሚያወጣው የባሕር ሙላት ነው።

ይህ ቁጥር የድሮ ታሪክ አይደለም። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 ኢያን ደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳን ሲመታ በፎርት ማየርስ ቢች ባሕሩ ከመሬት በላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር ተኩል ከፍ አለ። 41 ሰው በባሕር ሙላቱ ሞተ፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። በዚያ አውራጃ የልቀቁ ትእዛዝ የወጣው ማዕበሉ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አካባቢው ትንበያው በካርታ ላይ በሚሥለው ሾጣጣ ጥግ ላይ ስለነበር ብዙ ሰው «ወደ ታምፓ ነው የሚሄደው» ብሎ ተዘናግቶ ነበር። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ያ ሾጣጣ የሚያሳየው የማዕበሉ መካከል ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ ብቻ ነው፤ አደጋው የሚደርስበትን ስፋት አያሳይም። መካከሉ ራሱ ከሾጣጣው ውጭ የሚወጣበት ጊዜም አለ፤ ከ3ቱ አንድ ጊዜ ያህል። ከሾጣጣው ውጭ ያለ ቤት ከአደጋ ውጭ ነው ብሎ መገመት ሰው አስጨርሷል።

ሃርቪ ደግሞ የተለየ ትምህርት ነው። ኦገስት 25 ቀን 2017 ቴክሳስ ውስጥ ሮክፖርት አጠገብ በ4ኛ ደረጃ አረፈ፤ ሂውስተንን ያሰጠማት ግን ነፋሱ ከደከመ በኋላ ነው። አልንቀሳቀስ ብሎ ለቀናት ዘነበ። በዚያው በቴክሳስ በምትገኘው በኔደርላንድ ከተማ 1,539 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው የሚበልጥ ዝናብ ማለት ነው፣ በአንድ ሳምንት ገደማ። ሂውስተን በምትገኝበት በሃሪስ አውራጃ ከተጥለቀለቁት ቤቶች ከግማሽ የሚበልጡት በመንግሥት የጎርፍ ካርታ ላይ ከአደጋ ቀጠና ውጭ የተቀመጡ ነበሩ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ካርታውን አምነው የጎርፍ ኢንሹራንስ አልገቡም ነበር። እነዚያን ቤቶች የትኛውም ፕላይውድ አያድናቸውም ነበር።

ስለዚህ ስለ አንድ ቤት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ ውሃ ይደርስበታል ወይ የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለት የተለያዩ ካርታዎችን ማየት ያስፈልጋል፤ ሰዎች ዘወትር ያምታቷቸዋል። አንዱ ፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የሚያወጣው የጎርፍ ካርታ ነው፤ ለኢንሹራንስና ለግንባታ ፈቃድ ያገለግላል። ሌላው የአካባቢው አስተዳደር የሚያወጣው የመልቀቂያ ቀጠና ነው፤ በፍሎሪዳ ከ«ኤ» ጀምሮ በፊደል ይጠራል፣ ባሕር ሙላት ሲመጣ ማን አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት ይናገራል። በአንዱ ካርታ ደህና የሆነ ቤት በሌላው አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ከካርታዎቹ ቀጥሎ ደግሞ ሠፈሩ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ጎረቤት አለ። ውሃው በሃርቪ ጊዜ የት እንደደረሰ የሚያስታውስ ሰው ካርታው የማያውቀውን ያውቃል። በቴክሳስ ቤት የሚሸጥ ሰው ቤቱ ጎርፍ ገብቶበት የሚያውቅ ከሆነ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ከ2022 ጀምሮ አከራይም ቢሆን ቤቱ በጎርፍ ቀጠና መሆን አለመሆኑንና ባለፉት 5 ዓመታት ጎርፍ ገብቶበት እንደሆነ ለተከራዩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከእኛ ሰዎች ይህን ወረቀት ሳያነቡ የሚፈርሙት ጥቂት እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቤት የሚከራይ ሰው ስለ ኪራዩና ስለ ዲፖዚቱ ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለ ውሃው ይጠይቅ።

ውሃ የሚደርስበት ቤት ካለ ደግሞ ዋናው ዝግጅት ለቆ መውጣት ነው። የአደጋ መከላከል ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት የሚሉት አጭር ደንብ አለ፦ ከውሃው ሽሹ፣ ከነፋሱ ተሸሸጉ። ሁለተኛውም ክፍል እንደ መጀመሪያው ሊከበር ይገባል። በ2005፣ ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ባሰጠመች በአንድ ወር ውስጥ ሪታ ወደ ሂውስተን ስትመጣ የፈራ ሁሉ ወጣ፤ ከባሕሩ ርቆ ከፍታ ላይ የሚኖረው ሳይቀር። 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው መንገድ ላይ ተጣበበ፤ ነዳጅ አለቀ፣ ሙቀቱ በረታ። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚያ ውስጥ 23ቱ አረጋውያን ሲሆኑ፣ ይጓዙበት የነበረው አውቶቡስ ዳላስ አጠገብ በእሳት ተያይዞ አለቁ። ከ12 ዓመት በኋላ ሃርቪ ሲመጣ የከተማው ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር የልቀቁ ትእዛዝ ላለማውጣት የወሰኑት ይህን እያስታወሱ ነበር። እኔ የሪታ ትምህርት «አትውጡ» ነው ብዬ አላምንም። ትምህርቱ መውጣት ያለበትና መቆየት ያለበት ሰው አስቀድሞ ማንነቱን ይወቅ የሚል ነው። በቀጠና «ኤ» የሚኖር፣ ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ በኦክስጅን ወይም በዲያሊሲስ የሚታከም ዘመድ ያለው ሰው ይውጣ። ከዚያ ውጭ ያለው፣ ጠንካራ ቤት ያለው ሰው መንገዱን ለእነርሱ ይልቀቅላቸው። የሚወጣውም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ 30 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ከፍ ባለ ቦታ ያለ የወዳጅ ቤት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይህንን ከሁሉ አብልጣ የተማረችው ባንግላዴሽ ናት። በ1970 የቦላ ሳይክሎን (በዚያ አካባቢ የሃሪኬን መጠሪያ ነው) 300 ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ሰው ፈጀባት። ከዚያ በኋላ የድሃውን ጎጆ ማጠንከር እንደማይቻል ተቀበለች፤ ከፍ ያሉ የኮንክሪት መጠለያዎች ሠራች፣ ከየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥና በየቤቱ እየዞሩ ሰው እንዲያወጡ አደረገች። በ2020 አምፋን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ መጠለያ ገባ። የሞተው ሰው በመቶዎች እንኳ አልተቆጠረም። አንዳንድ ቤት ሊዘጋጅ አይችልም፤ ያን ማመንም ከዝግጅት ይቆጠራል። የኒው ዮርክ ምድር ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። በ2021 የአይዳ ርዝራዥ ዝናብ ከተማዋን ሲመታ 11 ሰው በምድር ቤት መኖሪያ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ኪራይ ፍለጋ የገቡ ስደተኞች ነበሩ። ምድር ቤት የሚኖር ሰው ኃይለኛ ዝናብ ሲነገር ሌሊቱን ፎቅ ካለው ጎረቤት ዘንድ ይደር።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። ኦገስት 24 ቀን 1992 አንድሩ ከማያሚ በስተደቡብ ያለችውን ሆምስቴድን መታ፤ ከ63 ሺህ በላይ ቤቶች ጠፉ። ፍርስራሹን የመረመሩ መሐንዲሶች ያገኙት ነገር የሚያሳፍር ነበር። ብዙ ቦታ የጣሪያውን ሳንቃ ለማያያዝ የተመታው ምስማር ከሥር ያለውን የጣሪያ እንጨት ስቶ ባዶ ቦታ ላይ ወርዷል፤ አንዳንዱም በምስማር ፈንታ በስቴፕል የተያዘ ነበር። ነፋሱ ያገኘው ገና ከሥራው የላላ ጣሪያ ነበር።

ቤት በነፋስ የሚፈርስበትን መንገድ ማወቅ ደግሞ ገንዘብ የት መዋል እንዳለበት ያሳያል። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ጣሪያውን ወደ ላይ ይስበዋል። ይህን ብቻ ደህና ተደርጎ የተሠራ ቤት ይችለዋል። አንድ ትልቅ መስኮት ወይም የጋራዥ በር ሲሰበር ግን ነፋሱ ገብቶ ከውስጥም ወደ ላይ ይገፋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ነፋስ ከሥር እንደገባበት ጃንጥላ ይሆናል። ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳው የሚደግፈው ያጣና ይወድቃል። ስለዚህ መስኮት የሚሸፈነው ለመስታወቱ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ለጣሪያው ተብሎ ነው። «ነፋሱ እንዲወጣ በማዶ በኩል መስኮት ክፈት» የሚለው ምክር በዚህ ምክንያት ስሕተት ነው። መስታወት ላይ ፕላስተር በመስቀለኛ መለጠፍም ምንም አያደርግም፤ መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም፣ ሲሰበር ደግሞ በትልልቅ ስባሪ እንዲበር ያደርገዋል። ሰው ግን ዛሬም ይለጥፋል።

ፕላይውድ የሚሠራው በደንብ ሲሠራ ነው። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከመስኮቱ ሰፋ ብሎ ይቆረጥ፤ በምስማር ሳይሆን በረጅም ብሎን ከግድግዳው እንጨት ጋር ይታሰር። ይህን ማዕበል በመጣ ዋዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው መሰላል ላይ እያለ ነፋስ ይደርስበታል። ብልሆቹ በጸጥታው ወራት ቆርጠው፣ ቀዳዳውን በስተው፣ የትኛው የየትኛው መስኮት እንደሆነ ጽፈውበት ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለ ጋራዥ በር ሰው የሚያወራው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከቤቱ ቀዳዳ ሁሉ ሰፊው እርሱ ነው፣ በድሮ ቤቶችም ስስ ቆርቆሮ ነው። በአግድም ብረት ማጠንከር ይቻላል፤ ሲቀየር ደግሞ ለነፋስ የተፈተነ መምረጥ። ማዕበሉ ሲገባ የውስጥ በሮችን ሁሉ መዝጋት በጣሪያው ላይ የሚመጣውን ጫና እንደሚቀንስ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የምርምር ተቋም በሙከራ አሳይቷል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ተከራይም ሊያደርገው ይችላል።

ቤቱን ከሁሉ በላይ የሚያድነው ግን ከውጭ የማይታይ ነገር ነው። አንደኛው የጣሪያውን እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚያስረው የብረት ማሰሪያ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ ቢገባ ዋጋው ከቁጥር የማይገባ፣ ከተሠራ በኋላ ግን አስቸጋሪ። ሌላው የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ በሚጣበቅ ልባስ መታሸጉ ነው፤ የጣሪያው ክዳን (ሺንግሉ) ተገንጥሎ ቢሄድ እንኳ ዝናቡ አይገባም። ብዙ ቤት ሳይፈርስ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፦ ግድግዳው ቆሟል፣ ውስጡ ግን ከላይ በገባ ውሃ ረጥቦ ኮርኒሱ ወድቋል። ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ጣሪያው አርጅቶ የሚቀየርበት ነው፤ ያኔ ጥሩ ምስማርና ማሸጊያ ማስጨመር ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱ ነው። የአላባማ መንግሥት ባለቤቶች ጣሪያቸውን በዚህ መንገድ እንዲያጠናክሩ እስከ 10 ሺህ ዶላር ይሰጣል፤ ሉዊዚያናም ተከትላዋለች።

በ2018 ማይክል የፍሎሪዳዋን ሜክሲኮ ቢች ጠራርጎ ሲሄድ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የቆመ አንድ ቤት ብዙም ሳይጎዳ ቀርቶ ዓለም ሁሉ ፎቶውን አየ። ፎቶው ልቤን አላረካውም። ገንዘብ ያለው ሰው ራሱን ማዳኑ ለሌላው መልስ አይሆንም። ከአንድሩ በኋላ ተረቅቆ በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የፍሎሪዳ የግንባታ ሕግ ከዚያ ቤት ይልቅ ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ በ2004 ቻርሊ ፑንታ ጎርዳን ሲመታ በአዲሱ ሕግ የተሠሩት ተራ ቤቶች ከአሮጌዎቹ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ቆመው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያቸው ውስጥ ምን ምስማር እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከወጥ ቤቱ እብነ በረድ በፊት ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ይይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመጨረሻዎቹ ቀናት የሚመጡት። የሃሪኬን ማዕከሉ የመጀመሪያውን የጥንቃቄ ማሳሰቢያ የሚያወጣው ኃይለኛው ነፋስ ሊደርስ 48 ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ 36 ሰዓት ሲቀረው ነው። ሁልጊዜ ይህን ያህል ጊዜ ይገኛል ማለት አይደለም። በ2023 ኦቲስ በአንድ ቀን ውስጥ ከተራ ማዕበልነት ወደ 5ኛ ደረጃ ዘልሎ አካፑልኮን መታ፤ ሕዝቡ ለመዘጋጀት ፋታ አላገኘም። ሥራው ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በግቢ ያለ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ የቆሻሻ በርሜል ሁሉ ወደ ውስጥ ይግባ፤ በነፋስ ሲወረወር የጎረቤትን መስኮት ይሰብራል። አሸንዳ ይጠረግ። ዛፍ ግን በዋዜማው አይቆረጥ፤ የሚያነሣው መኪና ሳይመጣ ከቀረ ቅርንጫፉ ራሱ ተወርዋሪ ይሆናል። የመኪና ነዳጅ ይሞላ፤ ካርድ ማንበቢያ ስለማይሠራ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ፤ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ይኑር። እያንዳንዱ ክፍል በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽ። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሸጉ። ከጠፉ በኋላ የእኛን ዓይነት ወረቀት ማስተካከል ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይታሰባል፤ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ቢቻል ለ7። የመታጠቢያ ገንዳው ለሽንት ቤት ይሞላ። ፍሪጅ ሳይከፈት 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ስለ ምግብ ከሆነ የእኛ ቤት ከማንም በተሻለ የተዘጋጀ ነው ማለት እችላለሁ። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ እሳትም ፍሪጅም አይሹም። ለጉዞና ለዘመቻ የተፈለሰፈ ስንቅ መሆኑ እዚህ ይጠቅማል። ፍሪዘር ሙሉ ወጥ ከማዘጋጀት አንድ ጆንያ በሶ ይሻላል።

የባለሥልጣናቱን የዝግጅት መመሪያ ሳነብ የማዝንበት ነገር አለ። መመሪያው የሚያስበው የራሱ ቤት፣ የራሱ ግቢ፣ ቀን ሊያሳርፍ የሚችል ሥራ፣ እንግሊዝኛ ወይም ስፓኒሽ ያለውን ሰው ነው። ከእኛ ሰዎች ብዙው አፓርታማ ተከራይ ነው፤ በሰዓት ይከፈለዋል ወይም ታክሲና ራይድ ይነዳል፤ ቤቱ ውስጥ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ፣ የማስጠንቀቂያው መልእክት በስልካቸው ሲጮህ ምን እንደሚል የማይገባቸው እናት አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ተከራይ ከውሃው ተርፎ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ግን ታች ቆማለች። ለሹፌሩ ቤቱን የምታኖረው መኪናዋ ናት። ግማሽ ሜትር ያህል ውሃ አብዛኛውን መኪና ያነሣል፤ ከዚያ ያነሰውም ሞተሩን ያበላሻል። የግዴታ ኢንሹራንስ ብቻ ያለው ሹፌር ደግሞ በጎርፍ ለጠፋች መኪና ምንም አያገኝም። ማዕበሉ ከቀረበ በኋላ ኩባንያዎቹ አዲስ ውል መዋዋል ያቆማሉ። ስለዚህ ሹፌር ከሌላው ሰው ቀድሞ ማሰብ ያለበት መኪናዋ የምትቆምበትን ባለ ፎቅ ፓርኪንግ ነው፤ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ በዝግጅት ጽሑፎች ውስጥ መጨረሻ ገጽ ላይ ይቀመጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ አስቀምጠው ነበር። በ2017 ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ከመታ በኋላ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተከታዮቹ ወራት ከተለመደው በላይ የሞቱትን 2,975 አድርገው ገመቱ፤ አብዛኛው የማዕበሉ ቀን ሳይሆን መብራት በጠፋባቸው፣ መድኃኒትና ሐኪም በታጡባቸው ወራት ነው። በዚያው ዓመት ኢርማ ካለፈ በኋላ በፍሎሪዳ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ 12 ሰው በሙቀት ሞተ። ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል ሂውስተንን ሲመታ 1ኛ ደረጃ ብቻ ነበር፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፋበት፣ ለብዙዎቹ ቀናት፣ ለአንዳንዶቹ ከሳምንት በላይ። ሙቀቱ ሰው ገደለ። ስኳርና ግፊት ያለባቸው እናትና አባት ያሉበት ቤት ነፋሱን ካሳለፈ በኋላ መብራት ወዳለበት ወዳጅ ቤት የሚሄድበትን ዕቅድ አስቀድሞ ይያዝ። ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቦታም ይታሰብበት።

ከሙቀቱ የሚከፋው ጭሱ ነው። በ2020 ላውራ ሌክ ቻርልስን ከመታ በኋላ በሉዊዚያና ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው ከጀነሬተር የወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራስ ምታት ይዞት ይተኛና አይነሣም። ጀነሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ መውጫው ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ፤ ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይሠራበት። በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ ከባድ ብርድ ወድቆ መብራት ሲጠፋ በሂውስተን በዚህ ጋዝ ካለቁት ውስጥ የእኛ ወገኖች ይገኙበታል። ማዕበል አልነበረም፤ ጨለማው ግን አንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቡናችን ሳልናገር አላልፍም። መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ለእኛ ተፈጥሮአዊ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እስከ ሦስተኛ ይጠጣል፣ ጭንቀትም ይቀልላል። በአገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ግድግዳው ይተነፍሳል። የአሜሪካ ቤት ግን አየር እንዳያስወጣ ታሽጎ የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ መስኮቱ በፕላይውድ ተዘግቷል። በዚያ ክፍል ውስጥ የነደደ ምድጃ ከጀነሬተሩ የሚለየው በዝግታው ብቻ ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ነፋስ ካለ ይቆይ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሃርድዌር መደብር ውስጥ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ በየቤቱ ሊኖር የሚገባው ከበሶውም ከውሃውም በፊት እርሱ ነው።

ውሃ የገባበት ቤት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሻጋታ መያዝ ይጀምራል። ምንጣፉ ይወጣል፣ የረጠበው የግድግዳ ጂፕሰም ይቆረጣል፤ ከሁሉ በፊት ግን ፎቶ ይነሣል። የፌማ የገንዘብ እርዳታ የዜግነት ወይም የተወሰነ ሕጋዊ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ያገኛል። በጊዜያዊ ጥበቃ ያለ ወይም ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው በራሱ ስም አያገኝም፤ አሜሪካ የተወለደ ልጅ ካለው ግን በልጁ ስም ማመልከት ይችላል። መጠለያ፣ ምግብና ውሃ ያለ ፈቃድ ጥያቄ ለማንም ይሰጣል። ይህን ባለማወቅ ፈርቶ በፈራረሰ ቤት የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር ዕድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹም፣ በየወቅቱ መጀመሪያ ሊያስነግሩት ይገባል። ዕድር የአባላቱን ስም ዝርዝር ለለቅሶ ይይዛል። ያ ዝርዝር ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን መኪና እንደሌለው፣ ማን በዝቅተኛ ቀጠና እንዳለ ቢጨመርበት ለማዕበልም ይሆናል፤ ባንግላዴሽ በየመንደሩ ያደረገችው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የቀረው ኢንሹራንስ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ በሃሪኬን ለደረሰ ጉዳትም ባለቤቱ ከራሱ የሚከፍለው ድርሻ ብዙ ጊዜ ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባበት ገንዘብ 2 ወይም 5 በመቶ ነው፤ በ300 ሺህ ዶላር ቤት ላይ 6 ወይም 15 ሺህ ማለት ነው። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ በ1968 የተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት እስከ 250 ሺህ፣ ለዕቃ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። ተከራይም ለዕቃው ብቻ ሊገዛ ይችላል፤ የጎርፍ ስጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ቤት ዋጋው ይቀንሳል። ውሉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበሉ ስም ካገኘ በኋላ የሚደውል ሰው ለሚቀጥለው ማዕበል ነው የሚገዛው። ወቅቱ ሲከፈት ዋስትናው በእጁ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ሚያዝያ 24 ከማለፉ በፊት መፈረም አለበት።